አራተኛው ገጽ

የመጀመሪያ ቀን በሩን የከፈቱልኝ ክራቫት አስረው ነው። ከምሠራበት የቤት ለቤት እንክብካቤ ድርጅት የተሰጠኝ ወረቀት ላይ "ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ቻይናዊ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ የልብ ሕመምተኛ፣ የማየት ችግር ያለባቸው" ይላል እንጂ ስለ ክራቫት የተጻፈ ነገር የለም። ጄኔቭ ውስጥ በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ በማለዳ ክራቫት አስሮ የጠበቀኝ በሽተኛ ግን አላጋጠመኝም። ሰውየው አጭር ናቸው። ሲያናግሩኝ ፊቴን ሳይሆን ከጆሮዬ አጠገብ ያለውን ግድግዳ የሚያዩ መሰለኝና ቅር አለኝ። ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። የዓይናቸው መሃል አያይም ነበር፤ የሰው ፊት ለማየት ዘወር ብለው በዓይናቸው ዳር ነበር የሚመለከቱት።

"ጫማዎን አያውልቁ፤ ወለሉ ይቀዘቅዛል" አሉኝ በፈረንሳይኛ። "ጠረጴዛው ላይ ያለውን ግን እባክዎ አይንኩብኝ።"

ጠረጴዛው ሳሎኑን ሞልቶታል። በላዩ ላይ የጫማ ካርቶኖች ተደርድረዋል፤ ካርቶኖቹ ደግሞ በቻይንኛና በጀርመንኛ በተጻፈባቸው ትንንሽ ካርዶች ታጭቀዋል። የእኔ ሥራ መድኃኒታቸውን ማዘጋጀት፣ ገላቸውን ሲታጠቡ እንዳይወድቁ አጠገባቸው መቆም፣ ቁርስ ማቅረብና ልብሳቸውን ማጠብ ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት ከምኖርበት ከካሩዥ በትራም እሳቸው ሰፈር ሰርቬት ድረስ እመጣለሁ፤ ሁለት ሰዓት እሠራና ወደ ሌላ በሽተኛ እሄዳለሁ። ፕሮፌሰር እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ማዳም ይሉኛል። ሁለት ዓመት ተኩል እንዲሁ ቀጠልን።

ጄኔቭ የመጡት በባለቤታቸው ምክንያት ነው። ሚስትየዋ በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት የቻይንኛ ተርጓሚ ሆነው ሲቀጠሩ፣ ፕሮፌሰሩ የዩኒቨርሲቲ ሥራቸውን ትተው ተከተሏቸው። ልጅ አልወለዱም። እኔ ስመጣ ሚስትየዋ ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ ካፖርታቸው ግን አሁንም በር ላይ ተሰቅሏል። አንድ ቀን ወደ ቁም ሣጥን ላስገባው ስል "ይተዉት" አሉኝ።

ያቀራረበን የጀርመንኛ ደብዳቤ ነው። አንድ ጠዋት አጉሊ መነጽራቸውን ወረቀት ላይ ደፍተው ሲታገሉ አገኘኋቸው። ከኢንሹራንስ የመጣ ነበር።

"ላንብብልዎ?" አልኳቸው።

"ጀርመንኛ ነው።"

"ሽሊረን ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ።"

ዘወር ብለው በዓይናቸው ዳር ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ነገርኳቸው። ስዊዘርላንድ ስገባ ጥገኝነት የጠየቅሁት ጀርመንኛ በሚነገርበት በዙሪክ በኩል ነበር። እዚያው አጠገብ ሽሊረን አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሳሽግ ቆይቼ፣ ጄኔቭ የሚኖር ያገሬን ልጅ አግብቼ ነው ወደዚህ የተሻገርኩት። ባሌ አሁን የለም፤ ጀርመንኛው ግን አለ። ደብዳቤውን አነበብኩላቸው። ስጨርስ ተነሥተው ከመደርደሪያው አንድ ወፍራም መጽሐፍ አወጡና ከመሃል ገልጠው ሰጡኝ። "ይህንንስ?"

ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ፣ ለጀርመኖቹ ለራሳቸውም የሚከብድ የፍልስፍና መጽሐፍ ነበር። ፕሮፌሰሩ ዕድሜያቸውን የሰጡት ይህን መጽሐፍ ወደ ቻይንኛ ለመመለስ ነው። የመጀመሪያው ቅጽ ታትሞ በአገራቸው ዩኒቨርሲቲዎች ይማሩበታል። ሁለተኛውን እየጨረሱ ሳለ ዓይናቸው ከዳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁርስ ካቀረብኩ በኋላ ግማሽ ሰዓት አነብላቸዋለሁ። የማነበው አይገባኝም። ዓረፍተ ነገሩ አንድ ሙሉ ገጽ ይወስዳል፤ ግሱ የሚገኘው መጨረሻ ላይ ነው፤ ይህ እንኳ ለአማርኛ ተናጋሪ አይገርምም፤ ግን እዚያ እስክደርስ ትንፋሽ ያጥረኛል። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፣ ካርድ ፍለጋ ካርቶኑን በጣታቸው ይዳስሳሉ፣ ከዚያ በትንሽ መቅረጫ ላይ በቻይንኛ ይናገራሉ። አንዳንድ ሳምንት የሚያልፉት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

አንድ ማክሰኞ አንድ ቃል ላይ አስቆሙኝ።

"ይህቺ ቃል ሃያ ዓመት በልታኛለች" አሉ። ጀርመኖቹ በዚያች አንዲት ቃል ወደ ላይ ማውጣትንም፣ መሻርንም፣ አስቀምጦ ማቆየትንም ይናገሩባታል፤ ፈላስፋው ደግሞ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ነው የሚፈልገው። በቻይንኛ የተለመደ ትርጉም አለ፤ እሳቸው ግን "ያኛው መጣልን እንጂ ማቆየትን አያሰማም" ብለው አይቀበሉትም።

እኔ የቁርሱን ሳህን እያነሣሁ ነበር። "በእኛ ቋንቋ አለ" አልኳቸው።

"ምን አለ?"

"እናቴ 'ሳህኑን አንሺ' ካለችኝ ከፊቷ ላርቀው ነው። 'ሕፃኑን አንሺው' ካለችኝ ላቅፈው ነው። 'ለወንድምሽ አንሺለት' ካለችኝ ደግሞ ከምግቡ ላስቀርለት ነው። አዋጅ ሲሻርም ተነሣ ነው የሚባለው።"

ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ቃሉን አሥር ጊዜ አስደገሙኝ፤ "አኔሳ፣ አኔሳ" እያሉ በወፍራም ብዕር በላቲን ፊደል ካርድ ላይ ጻፉት። ድምፅ አውጥተው ሲስቁ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። "ሌላስ ምን ይነሣል?" እያሉ እንደ ልጅ ይጠይቁኛል።

"ፎቶ ይነሣል። ነገር ይነሣል።"

"ሌላስ?"

"እጅ" አልኩ። "ስብሰባ ላይ። ሲስማሙ።"

ድምፄ እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ ሳቃቸው ቆመ። "የምን ስብሰባ?" አሉኝ። ሳህኑን ይዤ ወጥ ቤት ገባሁ።

በሚቀጥለው ጊዜ ስመጣ መጽሐፉን ገና ሳልገልጠው፣ "ስብሰባው የት ነበር?" አሉኝ። በዚህ አገር ይህን ያህል ዓመት ስኖር የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ ይሆናል፣ ነገርኳቸው። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ ቀበሌያችን አዳራሽ ውስጥ የጂኦግራፊ አስተማሪያችንን አቆሙት። ራሱን እንዲያጋልጥ ጠየቁት፤ የሚያጋልጠው ነገር የለኝም አለ። "በአብዮቱ ላይ ተነሥቷል የምትሉ እጃችሁን አውጡ" ተባለ። እጆች ወጡ። እኔም አነሣሁ። በማግስቱ ወሰዱት፤ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ያን ክንዴን ምን ላድርገው?

"ያን ስብሰባ እኛ ሂስና ግለ ሂስ ነበር የምንለው" ብዬ በፈረንሳይኛ ላስረዳቸው ስጀምር እጃቸውን አወዛወዙ።

"አያስረዱኝ" አሉ። "ከእኛ አገር ነው የተላከላችሁ።"

ከዚያ የራሳቸውን ነገሩኝ። የገበሬ ልጅ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ አንድ መምህር አቀረቧቸው፤ በወጣትነታቸው ዙሪክ ተምረው የተመለሱ ሰው ናቸው። ፕሮፌሰሩን ጀርመንኛ ያስተማሯቸው እኒህ መምህር ናቸው። በየቅዳሜው ራት የሚበሉት ከመምህሩ፣ ከሚስታቸውና ከትንሽ ልጃቸው ጋር ነበር። መጽሐፉን መተርጎም የጀመሩትም መምህሩ ናቸው፤ በእጃቸው የጻፉት ከሦስት መቶ ገጽ በላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ መምህራን በተማሪዎቻቸው ፊት እየተንበረከኩ የሚወገዙበት ዘመን መጣ። ፕሮፌሰሩ መድረክ ላይ ወጥተው መምህራቸውን የሚያወግዝ አራት ገጽ አነበቡ። መምህሩ አንገታቸው ላይ ሰሌዳ ተንጠልጥሎ ተንበርክከው ነበር። ወደ ሰሜን፣ እርሻ ጣቢያ ተላኩና በሦስተኛው ዓመት የብርድ ወራት ሞቱ።

"መጽሐፎቻቸው ከመቃጠላቸው በፊት ትርጉሙን ከቤታቸው በካፖርቴ ሥር ደብቄ አወጣሁት" አሉኝ። "ለማዳን ነው ብዬ ነበር። አድኜዋለሁም። የመጀመሪያው ቅጽ ግማሹ የእሳቸው ነው። በኋላ በእኔ ስም ብቻ አሳተምኩት።"

ከመሳቢያቸው አንድ ፖስታ አውጥተው ሰጡኝ። የመምህሩ ልጅ የጻፈችው ነው፤ አድጋ፣ አንድ ስዊዛዊ አግብታ፣ ዙሪክ አጠገብ ዋሊሰለን የምትኖር። መጽሐፉን አይታው ነበር። ደብዳቤው በቻይንኛ ስለነበረ ምን እንደሚል እሳቸው በቃላቸው ነገሩኝ፦ "ስድስተኛው ገጽ ላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር አባቴ እግሩን ሲታጠብ ጮክ ብሎ ይለው ነበር። ከእርስዎ ምንም አልፈልግም። የማውቅ መሆኔን እንዲያውቁ ብቻ ነው።" ደብዳቤው ከመጣ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። አልመለሱላትም። ጄኔቭ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲኖሩም አንድ ቀን ዙሪክ ረግጠው አያውቁም።

"አሁን መጻፍ አልችልም" አሉ። "እርስዎ በጀርመንኛ ይጻፉልኝ። ልመጣ እፈልጋለሁ ይበሏት።"

ጻፍኩ። መልሱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። አድራሻ፣ ቀንና ሰዓት ብቻ ነው ያለበት፤ ሰላምታ እንኳ የለውም።

ድርጅቴ ቢያውቅ ከሥራ ያሰናብተኝ ነበር፤ በዕረፍት ቀኔ ነው ይዣቸው የሄድኩት። ባቡሩ ውስጥ ያን ሁሉ መንገድ የመምህራቸውን የእጅ ጽሑፍ በሰማያዊ ጨርቅ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ ይዘው ተቀመጡ። ላስቀምጥልዎ ብላቸው እምቢ አሉ። ዙሪክ ላይ ኤስ-ባህን ወደሚሉት የከተማ ዳርቻ ባቡር ቀየርን። ዋሊሰለን ስንደርስ ከጣቢያው እስከ ሕንፃው ያለውን አጭር መንገድ አራት ጊዜ ቆመው አረፉ። እኔ የልባቸውን መድኃኒት በኪሴ ይዤ ከኋላቸው እሄዳለሁ።

በሩን የከፈተችልን ሴት በእኔ ዕድሜ ያለች ናት፤ ትንሽ ትበልጠኝ ይሆናል። ሽበቷን አሳጥራ ተቆርጣለች፤ አንገቷ ላይ የልብስ ስፌት ሜትር ተንጠልጥሏል። በዚያ ሰፈር ባለው ትልቅ የገበያ ማዕከል ውስጥ ልብስ በሚያጠብብና በሚያሳጥር ሱቅ ስትሠራ ኖራ ጡረታ ወጥታለች። የስፌት መኪናዋ አሁንም መስኮቱ ሥር ነው፤ የሰው ሱሪ ተደርቦበታል።

ፕሮፌሰሩ እጅ ነሡና በቻይንኛ አንድ ነገር ተናገሩ።

"በዚያ ቋንቋ አልፈልግም" አለች በጀርመንኛ። "በዚያ ብዙ ተናግረዋል። ጀርመንኛ ይችሉ የለ? አባቴ ነው ያስተማረዎት።"

ገብተን ተቀመጥን። ፕሮፌሰሩ ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። እሷ አልነካችውም።

"ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት" አሉ።

"እሱ ይቆይ። እኔ መስማት የምፈልገው ያን ቀን ያነበቡትን ነው። እናቴ ከአዳራሹ ስትመለስ ምን እንደተባለ አልነገረችኝም። ማንም አልነገረኝም። ያስታውሱታል?"

"አንድ ቃል አልረሳሁም።"

"እንግዲያው ያንብቡልኝ።"

ተነሥተው ቆሙ። "ቁጭ ብዬ አልችልም" አሉ። ከዚያ ያን ቀን በቻይንኛ ያነበቡትን በጀርመንኛ ይሉት ጀመር። አንድ ዓረፍተ ነገር ለመመለስ ሳምንት የሚፈጅባቸው ሰው አንድም ጊዜ አልቆሙም፣ ቃል አልፈለጉም። መጽሐፉ የበዝባዦች መሣሪያ ነው፤ መምህሩ የባዕዳን ተላላኪ ናቸው፤ ወጣቱን መርዘዋል። በጆሮዬ የምሰማው ጀርመንኛ ነው፤ በውስጤ ግን አማርኛው ነበር የሚመጣብኝ፣ አድኃሪ፣ ቡርዣ፣ የኢምፔሪያሊዝም ቡችላ፣ በዚያው በአዳራሹ ዜማ። ሴትየዋ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ትሰማለች። ፊቷ ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም። ሦስቱ ገጽ አለቀ። አራተኛውን ጀመሩ።

"ይህ ሰው በየምሽቱ በግቢው ድምፅ ማጉያ የሕዝቡ ድምፅ ሲሰማ፣ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ይወትፋል። ጥጡን የሚወስደው ከሚስቱ የስፌት ሣጥን ነው። ልጁም እያየች ትስቃለች።"

"ይቁሙ" አለች።

ቆሙ።

"ጥጡን የተናገሩት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ።"

"ማን ነገረዎት?"

"ማንም አልነገረኝም። ራት ላይ አይቼዋለሁ።"

"ከትምህርት ቤት የሰማ ሰው ነግሮዎት አይደለም?"

"አይደለም። እኔ ነኝ ያየሁት፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

ሴትየዋ ተነሥታ ወደ ስፌት መኪናዋ ሄደችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። መናገር ስትጀምር ያየችው እሳቸውን ሳይሆን እኔን ነው።

"በዚያ ሳምንት አስተማሪያችን 'አባቶቻችሁ ማታ ማታ ምን ይሠራሉ?' ብላ ጠይቃን ነበር" አለችኝ። "እኔ 'ያነባል' ነው ያልኩት። በቃ፣ ያነባል። እናቴ አላመነችኝም፤ ጥጡን ያወራሁት እኔ መሰልኳት። ጥጡን የምናውቀው እኛ ሦስታችን ብቻ ነን ብላ ነበር የምታስበው። ይህን ሰውዬ እንደ ልጇ ስለምታየው አልቆጠረችውም። አልመታችኝም። ማናገር ብቻ ተወችኝ። ምግቤን ታቀርባለች፣ ልብሴን ትሰፋለች፣ ታጥብልኛለች፤ አታናግረኝም። እየቆየ ሲሄድ እኔም ራሴን ተጠራጠርኩ። ጥጥ ብዬ ይሆናል አልኩ። አሁን እኮ ጥጥ ስል የራሴ ድምፅ ይሰማኛል፤ ክፍሉ ውስጥ የት ተቀምጬ እንደነበር ሁሉ አውቀዋለሁ። አላልኩትም። አየሽ? አላልኩትም።"

ከዚያ ወደ እሳቸው ዞረች።

"አንተ" አለቻቸው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እርስዎ ነበር የምትላቸው። "ሰባት ዓመቴ ነበር።"

"አላውቅም ነበር" አሉ።

"ሦስቱ ገጽ አይበቃህም ነበር?"

"አይበቃም አሉኝ። 'ይህ ፍልስፍና ነው፤ ሰውየውን አምጣልን' አሉኝ። ተቀምጬ አሰብኩ። አባትዎ ጥሩ ሰው ስለነበሩ የምጽፍባቸው አጣሁ። ያየሁት ነገር ጥጡ ብቻ ነበር።"

ፕሮፌሰሩ እንደቆሙ ናቸው፤ ወንበር አቀረብኩላቸው፤ አልተቀመጡም።

"ይቅርታ—"

"ይቅርታህን እኔ ምን ላድርገው?" አለች። ድምጿ ከፍ አላለም። "ያንን መስማት የነበረባት እናቴ ናት። ሞታለች። ወረቀቱን ተወውና ሂድ።"

እጅ ነሥተው ወጡ። ደረጃው ላይ ሲደርሱ ሴትየዋ በር ላይ ክንዴን ያዘችኝ። የስልክ ቁጥሯን የስፌት ማስታወሻዋ ላይ ጽፋ ቀድዳ ሰጠችኝ። "ሲሞት ንገሪኝ" አለችኝ።

ስንመለስ ሎዛን እስክንደርስ ባዶውን ሰማያዊ ጨርቅ ጭናቸው ላይ ያጥፋሉ፣ ይዘረጋሉ። ሎዛን ላይ ሰዎች ሲወርዱ፣ "ልጅቷ ስትስቅ ብዬ ጻፍኩ" አሉኝ። "እሱ እንኳ አያስፈልግም ነበር። አምሮ እንዲነበብ ነው የጨመርኩት። እናቷ ወደ ልጅቷ የዞረችው በዚያ ይሆናል።" አይደለም ልላቸው ፈልጌ ነበር፤ አላልኩም። እውነታቸውን ሳይሆን አይቀርም።

በዚያ ሰሞን እኔም አዲስ አበባ ላለች ዘመዴ ስለ ጂኦግራፊ አስተማሪያችን ቤተሰብ እንድትጠይቅልኝ ጻፍኩላት። ሚስቱ አርፈዋል፤ አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው፣ ሰፈሩ ሲፈርስ የት እንደሄደ የሚያውቅ የለም አለችኝ። "ደግሞ አሁን ምን አስታወሰሽ?" ብላ ጨመረችበት።

ፕሮፌሰሩ ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን አላስነበቡኝም። ሁለተኛው ቅጽ ሊያልቅ አርባ ገጽ ያህል ነበር የቀረው። "ላንብብልዎ?" ስላቸው "ዛሬ አይደለም" ይሉኛል። ሌላ ነገር ነበር መቅረጫው ላይ የሚናገሩት። መቅድም ነው። የመምህሩን ስም፣ አዳራሹን፣ አራቱን ገጽ፣ ጥጡን፣ ትርጉሙን በማን ስም እንዳሳተሙት፣ ሁሉንም ተናገሩ። አንዲት የአገራቸው ተማሪ በኮምፒውተር ጻፈችላቸውና ለአሳታሚው ላኩት፤ የመጀመሪያው ቅጽ እንደገና ሲታተም፣ ሁለተኛውም ሲወጣ የመምህሩ ስም ከፊት እንዲሆን ጠየቁ።

መልሱ በስልክ መጣ። እኔ መታጠቢያ ቤቱን እየወለወልኩ ነበር። የሚሉት አልገባኝም፤ ግን ሲያዳምጡ ቆይተው አጭር ነገር ብለው ስልኩን ዘጉት። ስወጣ መስኮቱ ጋ ቆመዋል።

"የድሮ ነገር አይቀስቀስ ይላሉ" አሉኝ። "ከፈለግሁ ምሥጋና የሚጻፍበት ገጽ ላይ ስማቸውን በአንድ መስመር ያስገቡልኛል።"

"እና ምን አሏቸው?"

"ሁለተኛውን አልሰጣችሁም አልኩ።"

"የመጀመሪያውስ?"

"እሱማ የእነሱ ነው። እንዳለ ይቀጥላል።"

በዚያው ደከሙ። መብላት ቀነሱ፣ ክራቫት ማሰር ተዉ፤ እኔም ፒጃማቸውን ሳልቀይር የምሄድበት ቀን በዛ። መስከረም ላይ ሐኪም ቤት ገቡ። ከሥራ ሰዓቴ ውጪ ሁለት ጊዜ ሄጄ አየኋቸው። በሁለተኛው ጊዜ አላወቁኝም። እጄን ይዘው በቻይንኛ ረጅም ነገር ነገሩኝ፤ መሃል ላይ ቆም እያሉ ይጠብቁኛል፣ መልስ ይፈልጉ ነበር። ፈረንሳይኛም ጀርመንኛም የሚመጥን አልመሰለኝም። "እሺ፣ እሺ" አልኳቸው በአማርኛ። ከሁለት ቀን በኋላ ሞቱ።

ለሴትየዋ መልእክት ላክሁላት። ትመጣለች ብዬ አልጠበቅሁም። አስከሬናቸው በተቃጠለበት ቀን አራት ሰዎች ነበርን። መቅድሙን የጻፈችላቸው ተማሪ፣ ፎቅ ላይ ያሉ አንድ ጎረቤት፣ እኔ፣ ከኋላ ደግሞ ካፖርቷን ሳታወልቅ የቆመች እሷ። አበባ አልያዘችም። አላለቀሰችም። ሲያልቅ ወደ ባቡር ጣቢያው አብረን ወረድንና ሻይ አዘዝን።

ቤታቸው ምን እንደሚሆን ጠየቀችኝ። አገር ቤት ያለ የወንድማቸው ልጅ በስልክ "ዋጋ ያለው ነገር ካለ ላኩልኝ፣ ሌላውን ጣሉት" ማለቱን ነገርኳት። ሕንፃውን የሚያስተዳድረው ቢሮ አስለቅቆታል። የጫማ ካርቶኖቹ ወደ ወረቀት መጣያ ሲሄዱ ደርሼ ነበር። ተማሪዋ መቅረጫውን ወስዳለች፤ ካርዶቹን ግን የምታስቀምጥበት ቦታ አልነበራትም። እኔም አልነበረኝም። ካሩዥ ያለኝ አንድ ክፍል ነው።

ከቦርሳዬ የመቅድሙን ቅጂ አውጥቼ ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። ቀስ ብላ ነበር የምታነበው፤ ትምህርቷን ቶሎ ስላቋረጠች አንዳንዱ ቃል ይከብዳታል። ሻይዋ ቀዘቀዘ።

"ጥጡን ጽፎታል" አለችኝ። "እኔ እንዳልሆንኩም ጽፎታል። 'ልጅቷ ምንም አልተናገረችም' ይላል።"

"ጥሩ አይደለም?"

"ማን ያነበዋል?" አለች። "አክስቴ ነበረች የቀረችው። እሷም እናቴን አምና ነው የኖረችው፤ ልጅ ሆኜ ቤቷ ስሄድ ነገር ሲጀምሩ 'ልጅቷ አለች' ተባብለው ዝም ይሉ ነበር። ባለፈው ዓመት ሞተች። አሁን እኔ አይደለሁም ብዬ የምነግረው አንድም ሰው የለም።"

"ለእኔ ነገርሽኝ" አልኳት።

አየችኝ። "አንቺ አታውቂያቸውም" አለች፤ ክፉ አድርጋ አልነበረም የተናገረችው። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። የአባቷን ትርጉም ምን እንዳደረገችው ጠየቅኋት። ቁም ሣጥኗ ላይ አስቀምጣዋለች፤ አልፈታችውም። ፍልስፍና እንደማይገባት፣ የአባቷን የእጅ ጽሑፍ ግን ሌላ ሰው እንዲነካባት እንደማትፈልግ ነገረችኝ።

የዙሪኩ ባቡር ገባ። እስከ ፉርጎው በር ሸኘኋት፤ እጄን ጨበጠችና ወጣች፤ መስኮት ጋ አልተቀመጠችም። እኔም ሰዓቴን አየሁ። ከሰዓት በኋላ ሌላ ቤት ሥራ ነበረኝ።